ላይክ በሬ አይሸጥም

ከሞያሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከመተማ እስከ ጋላፊ፣ የቁም እንስሳት ነጋዴ ዛሬ ስልኩን ከዱላው እኩል ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። በሬ ሲገዛ ፎቶ ያነሳል፤ ሲጭን ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ማታ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ዘፈን ጨምሮ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። ጠዋት ሲነሳ ሺህ ላይክ፣ መቶ «ማሻአላህ»፣ ሃምሳ «ስንት ነው?» ይጠብቀዋል። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መሃል ግን ቀብድ የሚልክ ብዙ ጊዜ አንድም አይገኝም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ በንግዱ ውስጥ ያለው ሰው ለሁለት ተከፍሏል። አንጋፋዎቹ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ከብት በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተዳስሶ፣ በደላላ ነው የሚሸጠው» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «የደላላ ዘመን አልቋል፤ ተከታይ ያለው ሰው ገበያው በእጁ ነው» ባይ ናቸው። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነጥብ ስተዋል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለቁም እንስሳት ነጋዴ የሚጠቅመው በሬውን ለብዙ ሰው ስላሳየለት አይደለም። የሚጠቅመው ነጋዴው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆኑን፣ ሩቅ ላለና ለማያውቀው ገዢ በማስረጃ ሲያሳይለት ነው። ገጹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን የምስክር መዝገብ መሆን አለበት። ይህን የተረዳ ነጋዴ 300 ተከታይ ይዞ ይሸጣል፤ ያልተረዳው 30,000 ተከታይ ይዞም ስልኩን እየነካካ ይውላል።

ደላላው የሚሸጠው ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት ከደላላው መጀመር ይሻላል። በጋሪሳም ሆነ በቡርኦ፣ በጅግጅጋም ሆነ በባቢሌ ደላላ ዋጋ አስማሚ ብቻ አይደለም። ሻጩን ያውቀዋል፤ እንስሳው የተሰረቀ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ነገ «ይህ ግመል የእኔ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ገዢው የድለላ ክፍያውን የሚከፍለው ለምላስ ቅልጥፍና ሳይሆን ለዚህ ዋስትና ነው። ከሌላ አገር የመጣ፣ ቋንቋውን የማይችል፣ በአካባቢው ዘመድ የሌለው ነጋዴ ያለ ደላላ በማያውቀው ገበያ ገንዘቡን የማያወጣውም ለዚሁ ነው።

ተከታይ ግን ዋስ አይሆንም። ቪዲዮ የወደደ ሰው በሬው ታሞ ቢገኝ አይጠየቅም፤ ላይክ ያደረገ ሰው የተሰረቀ ግመል አያስመልስም። ስለዚህ «ደላላውን በቴሌግራም እንተካዋለን» የሚለው ሐሳብ የደላላውን ሥራ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በገጹ ላይ የሚሠራው ተቃራኒው ነው። ነጋዴው ከማን ደላላ ጋር፣ በየትኛው ገበያ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ በግልጽ ቢናገር፣ ፈቃዱን ጠይቆም የደላላውን ድምፅ ቢያሰማ፣ ሩቅ ያለው ገዢ የሚደውልበትና የሚያጣራበት ሰው ያገኛል። ደላላውም ቢሆን ስሙ በአደባባይ ስለተነሳ ይበልጥ ይጠነቀቃል።

በዚህ ንግድ ገንዘቡ ከመተማመኑ ቀድሞ ሄዷል። ኤምፔሳ በኬንያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛድ በሶማሌላንድ በ2009፣ ቴሌብር በኢትዮጵያ በ2021 ተከተሉ። ከሐዋላው ጋር ተዳምረው ቀብድ መላክን የደቂቃዎች ሥራ አደረጉት። ገዢው ግን ገንዘቡን ከላከ በኋላ በሬው እስኪደርስ ድረስ እንቅልፍ የለውም። ገንዘብ በስልክ ይሄዳል፤ መተማመን ግን አሁንም በእግሩ ነው የሚሄደው። የማኅበራዊ ሚዲያ ትክክለኛ ሥራ ይህን ክፍተት ማጥበብ ነው።

የአረፋ ገዢ ጥርስ ማየት ይፈልጋል

«ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። ጥያቄው ዐይኑ ምን ይይ ነው። በገጾቹ ላይ የሚለጠፉት አብዛኞቹ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት የበሬውን ሻኛ፣ የቀንዱን ርዝመትና የቆመበትን አቧራ ነው። ያምራሉ፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ገዢ የሚጠይቃቸውን አንዱንም አይመልሱም።

የአረፋን ገዢ እንደ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጅዳ ወይም ሙስካት ሆኖ ለመሥዋዕት በግ የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለሃይማኖቱ ሥርዓት የሚበቃ እንስሳ ነው። ዕድሜው መድረስ አለበት፦ በብዙ የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ በግ ቢያንስ 6 ወር፣ ፍየል 1 ዓመት፣ ከብት 2 ዓመት፣ ግመል 5 ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። አንድ ዓይኑ በግልጽ የታወረ፣ በግልጽ የታመመ፣ የሚያነክስ፣ አጥንቱ የወጣ ከሲታ እንስሳ ለመሥዋዕት አይሆንም። ጆሮው የተቆረጠ ወይም ቀንዱ የተሰበረ ከሆነም ብዙ ገዢ ፊቱን ያዞራል።

እንግዲህ ለዚህ ገዢ የሚቀረጸው ቪዲዮ ምን እንደሚያሳይ ግልጽ ነው። አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታይ። ከብት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቋሚ ጥርሶች የሚያወጣው በ2 ዓመቱ ገደማ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ በግና ፍየል ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ። ከዚያ ሁለቱም ዓይኖች፣ ሁለቱም ጆሮዎች፣ ቀንዱ ይታዩ። እንስሳው ጥቂት እርምጃ ይራመድ፤ የሚያነክስ እንስሳ ቆሞ ሲታይ አያስታውቅም። ኮርማ ወይም የተኮላሸ መሆኑ ይነገር። በመጨረሻም ቀራጩ ቀኑንና የገበያውን ስም በድምፁ ይናገር። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ዘፈንም አይፈልግም።

ክብደትም እንዲሁ ነው። «ትልቅ ነው» የሚለው ቃል በሞያሌና በናይሮቢ አንድ ትርጉም የለውም። ሚዛን በሌለበት ገበያ ሜትር አለ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ከሻኛው በስተጀርባ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር መለካት፤ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ባለው የአካሉ ርዝመት እንደገና ማባዛት፤ ከዚያ ለ10,840 ማካፈል። የደረቱ ዙሪያ 160፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲሜትር የሆነ በሬ በዚህ ስሌት ወደ 307 ኪሎ ግራም ይመጣል። ግምት ነው፤ እንደ ዝርያውና እንደ እንስሳው አቋም ሊዛነፍ ይችላል። ነገር ግን ሜትሩ በበሬው ላይ ሲያርፍ በቪዲዮ ያሳየ ነጋዴ «ወደ 300 ኪሎ ነው» ካለ ነጋዴ ይልቅ ይታመናል። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ከየት እንደመጣ ይታወቃልና።

ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ መንጋ ከቦረና ተነስቶ ናይሮቢ ሲደርስ ቢያንስ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ስዋሂሊ ተሰምቶበታል፤ ወደ በርበራ ወይም ወደ ጅቡቲ ከሄደ ዐረብኛም ይጨመራል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ መግለጫ ገዢው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ረጅም ጽሑፍም አያስፈልግም። በገዢው ቋንቋ የተነገረ የ30 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። የእንስሳውን ስም ገዢው በሚጠራው መጥራትም ዋጋ አለው፦ ራሱ ጥቁር የሆነውን የሶማሌ በግ የባሕረ ሰላጤው ገዢ «በርበሪ» ብሎ ነው የሚፈልገው።

ዋጋ በጨርቅ ሥር ወይስ በአደባባይ?

በብዙ የሶማሌና የቦረና ገበያዎች ዋጋ የሚነገረው በአፍ አይደለም። ሁለት እጆች በጨርቅ ወይም በእጅጌ ሥር ይገናኛሉ፤ ጣት ጣትን ይነካል፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው ምንም ሳይሰማ ውሉ ያልቃል። ይህ ልማድ የራሱ ጥበብ አለው። የአንዱ ገዢ ዋጋ የሌላውን ገበያ እንዳያበላሽ ይከላከላል፤ ሻጩም የያዘው ገንዘብ ለአላፊ አግዳሚው አይታወቅም።

ታዲያ ይህን ልማድ የኖረ ነጋዴ ዋጋውን በቴሌግራም ቻናል ይለጥፍ? እያንዳንዱን ዋጋ መለጠፍ ግዴታ አይደለም። ግዴታ የሚሆነው ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት መናገር ነው። ዋጋው በገበያው በር ነው፣ በድንበር ነው ወይስ በወደብ? ጭነት፣ መኖ፣ ውሃ፣ ቀረጥ፣ የኳራንቲን ወጪ የማን ነው? በመንገድ ላይ የሚቀንሰውን ክብደት ማን ይሸከማል? በየትኛው ገንዘብ፣ እስከ ስንት ቀን የሚጸና ዋጋ ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀች ወዲህ ቀን ያልተጻፈበት የብር ዋጋ ለውጭ ገዢ ትርጉም የለውም። አብዛኛው የነጋዴና የገዢ ጠብ የሚነሳው ከዋጋው ቁጥር አይደለም፤ «ጭነቱ የእኔ አልነበረም» ከሚለው ነው።

ነጋዴዎች ስለ ዋጋ ግልጽነት ሲነሳ የሚፈሩት ሌላም ነገር አለ። አርብቶ አደሩ የናይሮቢን ወይም የጅዳን ዋጋ ካየ «እኔን በርካሽ ገዝተኸኛል» ይላል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። መፍትሔው ግን መደበቅ አይደለም፤ ምክንያቱም አርብቶ አደሩ ልጁ ከተማ ነው፤ ልጁ ስልክ አለው። ዋጋውን ዞሮ ዞሮ ይሰማዋል። የሚሻለው በመካከል ያለውን ወጪ ነጋዴው ራሱ መንገሩ ነው፦ የአይሱዙው ኪራይ፣ የየኬላው ክፍያ፣ የሞተው፣ የከሳው፣ ተሽጦ ገንዘቡ እስኪገባ የተጠበቀው ጊዜ። ይህን የሰማ አርብቶ አደር በዋጋው ባይስማማ እንኳ ነጋዴውን ሌባ ብሎ አይጠራውም። በሚቀጥለው ዓመት በሬ ሲኖረው ለማን እንደሚደውል የሚወስነው ይህ ነው። የነጋዴ ገጽ ለገዢ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግማሽ ሥራው ቀርቷል፤ የሚሸጥ በሬ ከሌለ የሚያሳየው ቪዲዮም አይኖርም።

የሞተውንም መናገር

በዚህ ንግድ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ በገጹ ላይ ግን ማንም የማይጽፈው ነገር አለ። እንስሳት በመንገድ ላይ ይሞታሉ። ይከሳሉ፤ ይረጋገጣሉ፤ እግራቸው ይሰበራል። የተጫነው ሁሉ ደረሰ የሚል ገጽ ለአዲስ ሰው ይጥመዋል። ሥራውን የሚያውቅ ገዢ ግን ያንን ሲያይ ይጠራጠራል።

አንድ ነጋዴ «180 በግ ተጭኖ 177 ደረሰ፤ ሁለቱ በሙቀት ሞቱ፣ አንዱ እግሩ ተሰብሮ ታረደ፤ ጉዳቱ በውላችን መሠረት የእኔ ነው» ብሎ ቢጽፍ ምን ያጣል? ጥቂት ላይክ ሊያጣ ይችላል። የሚያገኘው ግን ከባድ ነው። ያን ያነበበ ገዢ ሦስት በግ የጎደለበት ሰው እንዴት እንደተስተናገደ ዐየ። የሚፈራውን ነገር፣ ችግር ሲመጣ ነጋዴው ስልኩን ያጠፋል ወይስ ያነሳል የሚለውን፣ ሳይጠይቅ ተመለሰለት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ከወጣ የዕለት ተዕለት የሰንጋ ቪዲዮ የማይሠራውን ይሠራል።

በጤና በኩልም ሐሳቡ አንድ ነው። ይህ ቀጠና የጤና ወረቀት ምን ዋጋ እንዳለው በመራራ መንገድ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ሲከሰት፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳት አገደች። በበርበራ በኩል የሚሄደው ንግድ ለዓመታት ተሰናክሎ ቆይቶ ሳዑዲ በሯን መልሳ የከፈተችው በ2009 ነው። በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያም በሽታው ሰሜን ምሥራቅ ኬንያን ሲመታ የጋሪሳ አካባቢ ገበያዎች ተዘግተው ነበር። ስለዚህ የክትባት ቀን፣ የክትባቱ ዓይነት፣ ኳራንቲን የተገባበትና የተወጣበት ዕለት የገበያ ወሬ አይደሉም፤ የዕቃው አካል ናቸው። መለጠፍ ይገባቸዋል። የሰነዱ መለያ ቁጥርና ማኅተም ግን መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ቀድቶ ለራሱ በጎች «ወረቀት» ያደርገዋል።

በዚያው ልክ ያልተረጋገጠ የበሽታ ወሬ ማሰራጨት በገዛ ገበያ ላይ እሳት መለኮስ ነው። አንድ አፉ አረፋ የደፈቀ ከብት ቪዲዮ በግሩፕ ከተለቀቀ፣ የት እንደተቀረጸ ማንም ሳይጠይቅ የአንድ ወረዳ ገበያ ሊዋዥቅ ይችላል። የታመመ እንስሳ ያየ ነጋዴ መጀመሪያ የሚደውለው ለእንስሳት ሐኪም ነው፤ ግሩፑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የማይለጠፍ ነገር

ግልጽነት ማለት ሁሉን መዘርገፍ አይደለም። መኪናው የሚነሳበት ሰዓት፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚያድርበት ቦታ፣ ነጋዴው የያዘው ጥሬ ገንዘብ በገጽ ላይ አይወጡም። «ነገ ሌሊት 40 ሰንጋ ይዘን እንነሳለን» የሚል ፖስት ገዢ ከመሳቡ በፊት ዘራፊ ይስባል። ጉዞ የሚለጠፈው ከደረሱ በኋላ ነው።

የአርብቶ አደሩ ፊት፣ የቀየው ስም፣ የተቀበለው ገንዘብ ያለ ፈቃዱ አይለጠፉም። አንድ ሰው ዛሬ ብዙ ገንዘብ እንደተቀበለ ለአገር ሁሉ መንገር እሱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በእሱ ላይ የደረሰ ነገር ወደ ነጋዴው ስም መመለሱም አይቀርም።

ከማታለልም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት የበሬ ፎቶ በሦስት ሻጮች ገጽ ላይ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ፍቱን መከላከያው ቀላል ነው፦ ገዢው በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ይጠይቅ፤ እንስሳው አጠገብ ያለው ሰው ገዢው ያዘዘውን ያድርግ፤ አፉን ይክፈት፣ ወዲህ ያዙረው፣ ከበስተኋላ ያለውን ገበያ ያሳይ። በሻጭ በኩል ደግሞ አንድ የማይሻር ደንብ ሊኖር ይገባል፦ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የተላከው የባንክ ወይም የስልክ ገንዘብ ማረጋገጫ ምስል ሊፈበረክ ይችላል። ገንዘቡ በሒሳብ ውስጥ መግባቱ ሳይረጋገጥ በሬው ከበረት አይወጣም። ይህን ደንብ በገጹ ላይ አስቀድሞ የጻፈ ነጋዴ ሐቀኛ ገዢን አያስቀይምም፤ አታላዩን ግን ያርቃል።

በተከራዩት ቤት ንብረት አይከማችም

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተሠራ ገጽ የነጋዴው ንብረት አይደለም፤ ተከራይቶ የገባበት ቤት ነው። ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋዋል። የፌስቡክ የግብይት ክፍል፣ ማርኬትፕሌስ የሚባለው፣ በደንቡ የእንስሳት ሽያጭን አይፈቅድም፤ የተለጠፈው ሊነሳ፣ ገጹም ሊታገድ ይችላል። የዋትስአፕ የንግድ ደንብም እንስሳትን ገደብ ከጣለባቸው ሸቀጦች መድቧቸዋል። ይህን ሳያውቅ ሙሉ ሥራውን «በሬ ይሸጣል፣ ዋጋው ይህ ነው» በሚል ፖስት ላይ ያቆመ ነጋዴ አንድ ቀን ጠዋት ገጹን ላያገኘው ይችላል። ይህም ገጹን ከመሸጫ ይልቅ መታመኛ ለማድረግ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ሽያጩ በስልክ፣ በገበያና በውል ይፈጸም።

መንግሥታትም መስመሩን ይዘጋሉ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የሶማሊያ መንግሥት ቲክቶክና ቴሌግራም እንዲታገዱ ማዘዙን አስታወቀ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ በኬንያ በብሔራዊ ፈተና ወቅት ቴሌግራም ተስተጓጎለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱ ጎረቤታሞች ሦስት ጊዜ መስመር ነኩ። ገዢው ናይሮቢ፣ ሻጩ ያቤሎ፣ አጓጓዡ ሞያሌ በሆነበት ንግድ የአንዱ መዘጋት ለሁሉም መዘጋት ነው።

ስለዚህ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በወረቀት ደብተር መጻፍ ኋላ ቀርነት አይደለም። ስሙ፣ አገሩ፣ ምን ዓይነት እንስሳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት እንደወሰደ፣ ምን ቅሬታ እንደነበረው የተጻፈበት ደብተር ከ10,000 ተከታይ ይበልጣል። ቴሌግራም ቢዘጋ በመደበኛ ጥሪ ይደወላል፤ ዋትስአፕ ቢታገድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላካል።

ያ ደብተር የጊዜ ሰሌዳም ይሆናል። የአረፋ ቀን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ጁን 16 የነበረው በ2025 ጁን 6 ላይ ውሏል። ማድለብ ወራት ይወስዳል፤ ኳራንቲንና የመርከብ ጉዞ ሲጨመሩ ለአረፋ የሚሸጥ ነጋዴ ሥራውን ማሳየት የሚጀምረው በዓሉ ሲቃረብ ሳይሆን መኖ መግዛት ሲጀምር ነው። በየሁለት ሳምንቱ የአንድ መንጋ ቪዲዮ፣ በዚያው በረት፣ በዚያው ሜትር እየተለካ ቢወጣ፣ ገዢው እንስሳው ሲሰባ በዓይኑ ይከታተላል። በዓሉ ሲደርስ «አምናችኋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሷል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወላጆቻቸው ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ በግ ሲያዝዙም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ የከፈሉለት በግ እናታቸው በር ላይ የቆመው እሱ ራሱ መሆኑን።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

ይህ ሁሉ ውድ ካሜራም ባለሙያም አይፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና ልማድ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በገበያው ቀን፣ የአንድ እንስሳ ሙሉ መረጃ፤ በወር አንድ ጊዜ የተጫነውና የደረሰው ቁጥር፤ ለጠየቀ ሰው በዚያው ቀን መልስ፣ መልሱ «የለንም» ቢሆን እንኳ። ብዙ ገጾች የሚሞቱት ከቪዲዮ ጥራት ማነስ ሳይሆን «ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ሦስት ቀን መልስ ካለመስጠት ነው።

አንጋፋው ነጋዴ ይህን ለልጁ ሊተወው ይችላል፤ ነገር ግን መናገር ያለበትን የሚያውቀው እሱ ነው። ልጁ ስልኩን ይያዝ፤ አባት ጥርሱን ይክፈት። ወጣቱም የአባቱን ስምና የደላላውን ምስክርነት እንደ አሮጌ ነገር ከማየት ይልቅ ገጹን በእነሱ ላይ ያቁም። ልጁ ብቻውን የሚያቀርበው ቪዲዮ ነው። አባት ብቻውን ያለው ስም ከገበያው አጥር አያልፍም።

አንድ ነጋዴ ገጹ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ላይክ መቁጠር አያስፈልገውም። ራሱን በማያውቀው ገዢ ቦታ አድርጎ ገጹን ይክፈት፤ አራት ጥያቄ ይጠይቅ። ይህ ሰው ማን ነው፣ ማንስ ያውቀዋል? እንስሳው በእርግጥ አለ? ዋጋው እስከ የት ድረስ ነው? ችግር ሲመጣ ባለፈው ጊዜ ምን አደረገ? አራቱም መልስ ካላቸው፣ ተከታዩ ጥቂት ቢሆንም ስልኩ ይጠራል። መልስ ከሌላቸው፣ በሬው የቱንም ያህል ቢያምር ሰው አይቶት ያልፋል።